ምትኳ ከየት ይምጣ? የሥጋና የእንቁላል ድቅል ዶሮ ዳሰሳ

ሰሜን ሸዋ የምትኖረው አክስቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት የ45 ቀን ዶሮዎች ገዛች። ሻጩ ጫጩት እያሳደገ የሚያከፋፍል የወረዳው ወጣት ነው። ዶሮዎቹ ቀይ፣ እግራቸው ወፍራም፣ ሰው የማይሸሹ ነበሩ። ስድስት ወር ገደማ ሲሆናቸው እንቁላል ጀመሩ፤ አክስቴም ጠዋት ጠዋት ቆጥራ ማታ በስልክ ትነግረኝ ጀመር። «ዛሬም አራት!» ትለኛለች። ዓመት ሳይሞላ ግን አንዷን ሸለምጥማጥ በላት፣ ሁለቱን ፈንግል ጨረሳቸው። ከቀሩት ሁለቱ እንቁላል አጠራቅማ ለሀበሻ ዶሮዋ አስታቀፈች፤ እነሱ ራሳቸው የመታቀፍ ነገር አልነበራቸውምና። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ሲያድጉ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ገብስማ፣ አንዱ አንገተ መላጣ። ከቄቦቹ ቀይዋ እንደ እናቷ ስትጥል፣ ሌሎቹ አሥራ ምናምን እንቁላል ጥለው እላዩ ላይ ተኙበት።

«እኔ ያስታቀፍኩት የእነዚያን እንቁላል ነው፤ እነሱ ታዲያ የት ሄዱ?» አለችኝ።

ስለ ዶሮ ማዳቀል ብዙ ተጽፏል። የትኛው ዝርያ ይሻላል፣ ስንት እንቁላል ይጥላል፣ ስንት ኪሎ ይደርሳል የሚለው ደጋግሞ ይነሳል። የአክስቴ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይቀድማል እላለሁ። ጥሩ ዶሮ ማግኘት የሚቻል ነገር ነው፤ ከባዱ እሷን መተካት ነው። ይህ ዳሰሳም በዚያ ዓይን ነገሩን ዞሮ ያያል።

ከሥረ መሠረቱ እንጀምር። አንዲት ዶሮ የበላችውን ለሦስት ነገር ታከፋፍለዋለች፦ ነፍሷን ለማቆየት፣ ሥጋ ለመገንባትና እንቁላል ለመሥራት። ሰውነቷ ትልቅ የሆነ ዶሮ እንቁላል ባትጥልም ብዙ ትበላለች። በዘር ደረጃም ፈጣን ዕድገትና ብዙ እንቁላል ይጎታተታሉ፤ ለአንዱ አጥብቆ የመረጠ በሌላው ይከስራል። ለዚህ ነው የዓለም የዶሮ ኢንዱስትሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንገዱን ለሁለት የከፈለው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1948 «የነገዋ ዶሮ» የሚባል አገር አቀፍ ውድድር ተካሂዶ፣ ደረቷ ሰፊ፣ ዕድገቷ ፈጣን የሆነች ዶሮ ተፈለገች፤ ያሸነፈውም የኮርኒሽና የኒው ሃምፕሻየር ድቅል ነበር። በሌላው መንገድ ደግሞ እንቁላል ጣዮቹ በቀጭኗ ሌግሆርን ዙሪያ ተሠሩ። ዛሬ የሥጋ ዶሮ ስድስት ሳምንት ሳይሞላት ሁለት ኪሎ ተኩል ትመዝናለች፤ እንቁላል ጣይዋም በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች። ሁለቱ ግን አንድ ዶሮ አይደሉም፣ አንዳቸውም የሌላውን ሥራ አይሠሩም።

የዚህ መንገድ ጣጣ የታየው ቆይቶ ነው። የእንቁላል ጣይ ዘር የሆነ ወንድ ጫጩት እንቁላል አይጥል፣ ሥጋ አይዝ፤ ስለዚህ በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል። ጀርመን ብቻዋን በዓመት ወደ 45 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንድ ጫጩቶችን እንዲህ ታስወግድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት፣ ወንዱ ለሥጋ የሚሆንበት ባለ ሁለት ጥቅም ዶሮ በአውሮፓ እንደገና መነጋገሪያ የሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ዶሮ መቼም ሁለት ሆና አታውቅም። ቄቧ ለእንቁላል፣ አውራው ለበዓል፣ ያረጀችው ለወጥ ነው።

የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች ይባላል፤ እንቁላሏም 40 ግራም ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በየሥልጠናው የድክመቷ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። እኔ ግን ቁጥሩ ግማሹን ብቻ ይናገራል ባይ ነኝ። ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥልና ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ከእንቁላሏ ሳትርቅ ትቆያለች፤ ከዚያ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ የምታሰማውን ድምፅ፣ ጫጩቶቹም እንዴት ክንፏ ሥር እንደሚጠፉ በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ፈረንጅ ለዚህ ሥራ መፈልፈያ ማሽን፣ ማሞቂያ፣ አጥርና ሠራተኛ ይመድባል። እሷ ብቻዋን ትሠራዋለች፤ ያልጣለችው እንቁላል የዚህ ሥራ ዋጋ ነው። እናቶቻችንም ያውቁታል፤ እንቁላሉ ሲፈለግ ታቃፊዋን ዘቅዝቀው ያንጠለጥሏታል፣ ጎረቤት ወስደው ያሳድሯታል፣ አፍንጫዋ ውስጥ ላባ ይሰካሉ፤ ያኔ መታቀፏን ትታ ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች።

የእውነት ድክመት የለባትም ማለቴ ግን አይደለም። በገጠር ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ፤ ፈንግል፣ ጭልፊት፣ ብርድና ረሃብ ይጨርሷቸዋል። አውራውም ለበዓል ለመድረስ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ፣ ከተማው እየሰፋ በሄደ ቁጥር በዚህ ፍጥነት መቀጠል አይቻልም። ማዳቀል የመጣው ከዚህ ችግር ነው፤ ችግሩም እውነተኛ ነው።

ዶሮ ለዚህች አገር እንግዳ አይደለችም። ምሥራቅ ትግራይ፣ መዝበር በሚባለው ጥንታዊ ስፍራ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ነበሩት የመጀመሪያው ሺህ ዓመት ቀደምት ክፍለ ዘመናት የሚወስደን ነው። ከዚያ ወዲህ በነበረው ዘመን ደጋው የደጋውን፣ ቆላው የቆላውን መርጧል። ገብስማ፣ ተራማ፣ ወሰራ፣ ዛግራ፣ መላጣ የምንላቸው ለመልክ ብቻ የወጡ ስሞች አይመስሉኝም። መላጣዋን እንይ። አንገቷ ላይ ላባ እንዳይበቅል የሚያደርገው አንድ ዘረ መል ነው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰችው የሰውነቷ ላባ በ20 በመቶ ገደማ ይቀንስላታል፣ ከሁለቱም የወረሰችው ደግሞ በእጥፍ ያህል። በሙቀት አገር ይህ በረከት ነው፤ ሙቀቱን በባዶው ቆዳ ታስወጣለች። ፈረንሳዮች በገጠር ተለቃ ለምትረባው ዶሯቸው ይህንኑ ዘር ይጠቀማሉ። የእኛ ሴቶች ግን «መላጣ ነች» ብለው በገበያ ዋጋዋን ዝቅ ሲያደርጉባት አይቻለሁ።

የውጭ ዝርያዎች በብዛት መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ በአሜሪካ እርዳታ በዓለማያና በጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጭ ሌግሆርን፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕ መጡ። ከዚያም ለአርሶ አደሩ የሚታደሉት አውራዎች፣ የሦስት ወር ቄቦችና የሚፈለፈሉ እንቁላሎች ተከተሉ። ከእነዚህ ሁሉ የተሻለው ሐሳብ የአውራው ነበር፤ አንድ አውራ ብዙ ዶሮዎችን ይጠቅማል፣ እናቲቱም ሀበሻ ስለሆነች ታቅፋ ታሳድጋለች። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው። የመንደሩ አውራዎች እንዲወገዱ ይጠየቅ ነበርና ገበሬው እምቢ አለ። ለበዓል ያሳደገውን፣ ሌሊት የሚያነቃውን አውራ አርዶ የማያውቀውን እንግዳ ብቻ ማስቀረት አልዋጥልህ አለው። እንግዳው አውራም በመጀመሪያው የፈንግል ወረርሽኝ ሲሞት፣ ከእሱ የቀሩት ድቅሎች ከሀበሻው አውራ ጋር እየተቀላቀሉ በሁለት በሦስት ትውልድ ውስጥ ጠፉ። ብዙ ጊዜ ይህ የገበሬው እልኸኝነት ተደርጎ ይወራል። እኔ ግን ገበሬውን አልወቅስም፤ ምትክ ያልተዘጋጀለትን ነገር አልተቀበለም።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ። ሁለት የተራራቁ ዝርያዎች ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ከወላጆቹ አማካይ ይበልጣል፤ በተለይ በጤና፣ በሕይወት በመቆየትና በእንቁላል ቁጥር። ይህን የድቅል ብርታት እንበለው። የሚገኘው የሁለቱ ወላጆች የተለያዩ ዘረ መሎች ተጣምረው ስለሚቆሙ ነው። ድቅሎቹ እርስ በርሳቸው ሲራቡ ግን ጥምረቱ ይፈርሳል፤ በሁለተኛው ትውልድ ከብርታቱ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል፣ ልጆቹም እንደ ተበተነ ዶቃ የተለያየ መልክና ጠባይ ይይዛሉ። ከሀበሻ አውራ ጋር ሲራቡ ደግሞ ከእናታቸው ያገኙት የእንቁላል ዘር በግማሽ ይቀንሳል፤ የመታቀፍ ጠባይም ተመልሶ ይመጣል። «የት ሄዱ?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። እነዚያ ዶሮዎች በአንድ ትውልድ የሚያበቃ ስጦታ ነበሩ፤ ሲሸጡላት ግን ይህን የነገራት የለም። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ማዳበሪያ ለአንድ ክረምት እንደሚገዛ ገበሬው ያውቃል፤ የበቆሎ ድቅል ዘርም በየዓመቱ እንደሚገዛ ተነግሮታል። የዶሮው ግን ሳይነገር ይቀራል።

ነገሩን የተወጡት አገሮች ምትኩን አስቀድመው ያሰቡት ናቸው። ባንግላዴሽ የሮድ አይላንድ ሬድ አውራን ከግብፅ ፋዩሚ ዶሮ ጋር አዳቅላ «ሶናሊ» ያለቻትን አገኘች፤ በቤንጋሊ ወርቃማ ማለት ነው። ፋዩሚ ከፋዩም አካባቢ የመጣች፣ ትንሽ፣ ቀልጣፋ፣ ለበሽታ የማትበገር ዶሮ ናት፤ ቀዩ አውራ ሥጋና እንቁላል ይጨምራል፣ እሷ ጥንካሬ ትሰጣለች። የሶናሊ ሥጋ ከአገር ዶሮ ጋር ስለሚቀራረብ ገበያው ወደዳት። ዋናው ነገር ግን በእቅዱ ሁለቱ ወላጅ መንጋዎች ለየብቻ መጠበቃቸው ነበር፤ ሶናሊ በየጊዜው አዲስ እንድትዳቀል እንጂ ከራሷ እንድትራባ አልታሰበም። ሕንድ ውስጥ ቪኖድ ካፑር የመሠረቱት ኬግ ፋርምስ የሚያቀርበው ኩሮይለርም እንዲሁ ነው፤ ጫጩቶቹ አሳዳጊዎች እጅ ሳምንታት ቆይተው፣ ተከትበው፣ ከዚያ ወደ መንደር ይሄዳሉ።

የደቡብ አፍሪካዋ ኮይኮይክ ደግሞ ለየት ያለች ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፖቸፍስትሩም ከአውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከመስመራማው ፕሊማውዝ ሮክ ተዳቅላ፣ ከዚያ ለትውልዶች ተመርጣ ራሷን የቻለች ዝርያ ሆነች። መነሻዋ ድቅል ነው፣ አሁን ግን መልኳን ሳትለቅ ትራባለች። አንድ ጊዜ የአንድ ቀን ጫጩቶቿን በካርቶን ውስጥ አይቼ ነበር። ያሳየኝ ሠራተኛ አንዱን በመዳፉ አንስቶ አናቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለ፤ ጥቁሩ ጭገር ላይ ጎላ ያለ ነጭ ነጥብ አለ፤ «ወንድ» አለ። ሌላዋን አነሳ፤ ነጥቧ ትንሽ ነው፤ «ሴት።» መስመሩን የሚሰጠው ዘረ መል ከፆታ ጋር ስለሚወረስ ወንዱ እጥፍ፣ ሴቷ አንድ ብቻ ትይዛለች። መሣሪያ የለ፣ ባለሙያ የለ፤ አናቷን ማየት ብቻ። ከመጀመሪያው ቀን ወንዱን ለሥጋ፣ ሴቷን ለእንቁላል መለየት ለሚፈልግ አርቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከውስጥ መምረጥ ነው፤ እንደኔ ብዙ ያልተነገረለት ይህ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 ከሆሮ አካባቢ፣ ከወለጋ፣ እንቁላል ሰብስቦ የሀበሻ ዶሮ መንጋ መሠረተ። ከዚያ በየትውልዱ በ16 ሳምንት ክብደቷና እስከ 45 ሳምንት በምትጥለው እንቁላል እየመዘነ የተሻሉትን ብቻ ማራባት ቀጠለ። እነ ንጉሤ ዳና የጀመሩት፣ እነ ወንድመነህ እሳቱ ያስቀጠሉት ሥራ ነው። ሰባት ትውልድ ገደማ ሲሆን የእንቁላሉ ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ክብደቷም እጥፍ ለመሆን ተቃረበ። ሥራው አሰልቺ ነው። በየቀኑ መቆጠር፣ በየዶሮዋ መመዝገብ፣ ዓመት መጠበቅ፣ እንደገና መጀመር። ውጤቱ ግን ከድቅል ብርታት በአንድ ነገር ይለያል፦ አይበተንም። የተመረጠችው ሆሮ ከተመረጠ አውራ ጋር ስትራባ የተጨመረው ለልጆቿ ይተርፋል። የአክስቴ ጥያቄ በሆሮ ላይ ቢነሳ መልሱ «የትም አልሄዱም» ነው።

በሌላ በኩል የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመራው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2014 ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተለያዩ ዝርያዎችን ገበሬው ግቢ ውስጥ አወዳድሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሞከሩት የፈረንሳይ ዝርያ የሆነችው ሳሶ፣ ኩሮይለር፣ ኮይኮይክ፣ ሆሮና የሳሶና የሮድ አይላንድ ሬድ ድቅል ናቸው። በሚዛን ሳሶና ኩሮይለር ቀደሙ፤ ግን ደረጃው እንደ አየር ንብረቱና እንደ አያያዙ ይለዋወጣል። ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። የዶሮ ጥያቄ በላብራቶሪ አይመለስም፤ ዶሮዋ የሚጣልላትን ቆሎና የምታድርበትን ቆጥ አይቶ ነው የሚመለሰው።

በዚህ መሀል የግሉ ዘርፍ ነገሩን ለውጦታል። እ.ኤ.አ. በ2010 መቐለ ላይ የጀመረው ኢትዮቺክን ጫጩቶችን ለአሳዳጊዎች፣ አሳዳጊዎቹ ደግሞ የ45 ቀን ዶሮዎችን ለገጠር የሚያቀርቡበት ሰንሰለት ዘረጋ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ደግሞ ቄብ ማከፋፈልን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2020/21 በተደረገው የናሙና ጥናት ከ57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች ውስጥ ከመቶ ወደ 80 የሚጠጉት የሀበሻ ነበሩ፤ ከዚያ አሥር ዓመት በፊት ግን ከዘጠና በላይ ነበሩ። ለውጡ ፈጣን ነው። የ45 ቀኗ ዶሮ የጫጩቱን ሞት ወደ አሳዳጊው አሻግራዋለች፤ ክትባቷን ይዛ ትመጣለች። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ ሲታደል የተባለው «ዘር» ነው፣ የተሰጠው ግን የአንድ ዙር ምርት።

ገበያው ደግሞ የራሱ መለኪያ አለው። በፋሲካ ዋዜማ አውራ የሚገዛ ሰው ዶሮውን ከክንፉ ሥር ይዞ ያነሳል፣ ደረቱን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ የጭኑን ላባ እፍ ብሎ ገልጦ ቆዳውን ያያል። ቀጥሎ ቀለሙን ይመርጣል። የመንደር ዶሮ አርቢዎችን ምርጫ ያጠኑ ተመራማሪዎችም ክብደት፣ የላባ ቀለምና አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ቅርፅ ዋጋውን እንደሚወስኑ ደርሰውበታል። ነጭ ሌግሆርን ብዙ እንቁላል ብትጥልም በዚህ ገበያ ማንም አያነሳትም። ዶሮ ወጥስ? 12 ብልት ወጥቶ፣ ሽንኩርቱ ለሰዓታት ተቁላልቶ፣ ሥጋው ሳይበታተን መድረስ አለበት። የስድስት ሳምንት የሥጋ ዶሮ ድስት ውስጥ ይሟሟል። ድቅሉን አውራ ሰው የሚገዛው አጥንቱ ጠንከር ብሎ ሥጋው እስኪበስል ስለሚቆይ ነው። የእንቁላሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ አስኳሉ የሚቀላው ሣርና ነፍሳት ስትለቅም የዋለች ዶሮ እንቁላል እንደሆነ ባለሱቁ ጠንቅቆ ያውቃል፣ የሀበሻ ብሎ አስወድዶ ይሸጠዋል።

በሽታና መኖ ሌላው ግማሽ ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል፤ ሙቀት ሲነካው ቶሎ የማይበላሽ ዓይነትም አለው። ክትባቱ ወደ መንደር ካልደረሰ የትኛውም ዝርያ፣ ሀበሻም ሆነ ድቅል፣ አንድ ወረርሽኝ ይበቃዋል። መኖው ደግሞ በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ትልቅ ሰውነት ያላት ድቅል ሌሊት ቆጥ ላይ ብቻ አድራ ቀን ለቅማ አትጠግብም። ግማሽ ጥጋብ ላይ የተያዘች ሳሶ ከጠገበች የሀበሻ ዶሮ ያነሰ እንቁላል ብትጥል ሊገርመን አይገባም።

ነገሩን ስመዝነው ለከተማ ዳር አርቢ፣ መኖ ገዝቶ በዙር ለሚሠራ ሰው፣ በየዙሩ የሚገዛ ድቅል ትክክል ነው፤ ምትኩን በገንዘቡ ያመጣዋል። ለገጠሯ እናት ግን መጀመሪያ የተመረጠች የአገር ዶሮ ትድረሳት እላለሁ፤ ሆሮ በሆሮ አገር፣ ሌላውም አካባቢ የራሱ የተመረጠ መንጋ ይኑረው። ማዳቀሉ ካስፈለገ አውራውን እየተኩ፣ እናቲቱን ሀበሻ አድርጎ መያዝ። ይህ በእያንዳንዱ ወረዳ የመራቢያ መንጋ፣ መዝገብ የሚይዝ ሰውና ለአሥር ዓመት የማይቋረጥ በጀት ይፈልጋል። ቄብ አድሎ ፎቶ ከመነሳት ይህ ይከብዳል። የመላጣዋና የዛግራዋ ዘርም መቆጠር አለበት። አንዴ ከጠፋ ከየትም ገዝተን አናመጣውም፤ ለልጆቻችንም የምናወርሰው አንሶ ይቀራል።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ከቀይዋ የተፈለፈለው አውራ አድጎ ደረቱ ሞልቷል። አንድ ነጋዴ ደጅ ላይ ቆሞ ከሌላው አውራ ዋጋ በላይ ጠራላት። አክስቴ ሌላውን ሰጠችው። «ይኼኛው የዚያች የብዙ እንቁላሏ ልጅ ነው፤ አላርደውም፣ አልሸጠውም» አለችው። ማታ ላይ ጓዳ ጠርታኝ ቅርጫት ውስጥ የታቀፈችውን ዶሮ አሳየችኝ። ከክንፏ ሥር እጇን ሰዳ አንድ እንቁላል አወጣች፤ በከሰል ክብ ተስሎበታል። ክብ ያለበት የቀይዋ ነው፣ ያለ ምልክት የቀረው የሌሎቹ። ሲፈለፈሉ የየትኛዋ ልጆች እንደሚተርፉ ልታይ ነው። ክብ ያለባቸው ሰባት ነበሩ።